ዳኛው አይቶ ለምን ዝም አለ?

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ሶፍትቦል ስትጫወት ለማየት ሄጄ ነበር። ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከአንድ ትምህርት ቤት ጀርባ ያለ ሜዳ ነው። ወላጆች ታጣፊ ወንበራቸውን ይዘው ተደርድረዋል። እኛም ቡናችንን በፔርሙስ ይዘን ጥግ ላይ ተቀምጠናል።

ልጅቷ አንደኛ ቤዝ ላይ ቆማለች። የተቃራኒው ቡድን ወርዋሪ ኳሷን ልትለቅ ስትወነጨፍ፣ ከመቺዋ ጀርባ የቆመው ዳኛ ግራ እጁን ወደ ጎን ዘረጋ። ቡጢ ጨብጧል። ጨዋታው ግን አልቆመም። መቺዋ ኳሷን ሩቅ ላከቻት። የእህቴ ልጅ ከአንደኛ ቤዝ ተነስታ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ዞራ ገባች። ነጥብ! መቺዋም ሁለተኛ ቤዝ ላይ ደርሳ ቆመች። ዳኛው ይሄኔ እጁን ዝቅ አደረገ። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ አቧራውን አራግፎ ወደ ቦታው ተመለሰ።

«ይሄ ሰውዬ እጁን ምን ነካው?» አለች እህቴ። «ታክሲ እያስቆመ ነው እንዴ?»

ጥያቄዋ ጥሩ ጥያቄ ነው። ሰውየው ጥፋት አይቷል። አይቶም ጨዋታውን አላስቆመም። በመጨረሻም ማንንም አልቀጣም። ይሄ ሁሉ ደግሞ ሕጉ እንዲያደርግ የሚያዘው ነው። ሶፍትቦል ላይ ጥፋቱን ማየት የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ መቼ እንደሚናገሩት ማወቅ ነው። እኔም ይህን ለመረዳት ሁለት ዓመት ያህል ወንበር ላይ ተቀምጬ ጮኼያለሁ።

ጨዋታውን ለማያውቅ ባጭሩ ላስረዳ። ሶፍትቦል የቤዝቦል ታናሽ እህት ናት። እ.ኤ.አ. በ1887 ቺካጎ ውስጥ፣ አዳራሽ ውስጥ በቦክስ ጓንትና በመጥረጊያ እንጨት ነው የተጀመረችው። ወርዋሪዋ፣ ፒቸር ይሏታል፣ ክንዷን እንደ መንኮራኩር አዙራ ከታች ትወረውራለች። መቺዋ በዱላ ትመታለች። ከመታች ቤዞቹን በተራ እየረገጠች ትሮጣለች፤ ዞራ ሆም ፕሌት የሚባለው መነሻዋ ላይ ስትደርስ አንድ ነጥብ ይመዘገባል። መመታት የነበረበት ኳስ ካለፋት ስትራይክ፣ ከልክ ውጪ ከተወረወረላት ቦል ይባላል። ሦስት ስትራይክ አውት ነው፤ ከጨዋታው ትወጣለች ማለት ነው። አራት ቦል ከሆነ ሳትመታም አንደኛ ቤዝ ትሄዳለች። ሦስት ሰው አውት ሲሆን ቡድኖቹ ይቀያየራሉ፤ ይህ ሰባት ዙር ይሄዳል። ለዛሬ ይበቃናል።

ሜዳው ጠባብ ነው። በሃይስኩልና በኮሌጅ ከፒቸሯ መቆሚያ እስከ ሆም ፕሌት 13 ሜትር ገደማ ነው። ከቤዝ ቤዝ 18 ሜትር ገደማ ነው፤ ቤዝቦል ላይ 27 ነው። ጎበዝ የኮሌጅ ፒቸር በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ትወረውራለች። ኳሷ ግማሽ ሴኮንድ ሳይሞላ ደርሳለች። በዚህ ፍጥነት ውስጥ ዳኛው የፒቸሯን እጅ፣ እግሯን፣ የመቺዋን እግር፣ የሯጮቹን እግር ማየት አለበት። በሰፈር ጨዋታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያሉት ሁለት ዳኞች ብቻ ናቸው፤ አንዳንዴም አንድ። ፊሽካም የላቸውም። ያላቸው ድምፃቸውና እጃቸው ነው።

አሁን ወደተዘረጋው እጅ። እግር ኳስ ያየ ሰው አድቫንቴጅ ምን እንደሆነ ያውቃል። አጥቂው ተጠልፏል፣ ኳሱ ግን ጓደኛው እግር ገብቷል። ዳኛው ሁለት እጁን ወደፊት ዘርግቶ «ቀጥሉ» ይላል። የሶፍትቦሉ ግራ እጅም የዚያ ዘመድ ነው። ትርጉሙ «ጥፋቱን አይቻለሁ፣ በኋላ እንነጋገራለን» ነው።

ልዩነቱ ግን አለ። እግር ኳስ ላይ አድቫንቴጁ የዳኛው ውሳኔ ነው። ሶፍትቦል ላይ ሕጉ ራሱ ነው ጠብቅ የሚለው፤ ምርጫውም ብዙ ጊዜ የተበደለው ቡድን አሰልጣኝ ነው። ፒቸሯ ከሕግ ውጪ ወረወረች እንበል። መቺዋ ቢያንስ አንደኛ ቤዝ ከደረሰች፣ ሌሎቹ ሯጮችም ቢያንስ አንድ አንድ ቤዝ ካለፉ ጥፋቱ ተረሳ፤ የተበደለው ቡድን ተጠቅሟልና። የእኛ ቅዳሜ የሆነው ይኸው ነው። ሰውየው እጁን ያወረደው ጥፋቱን ትቶት ሳይሆን ሒሳቡ ተዘግቶ ነው።

ሒሳቡ ካልተዘጋስ? ሦስተኛ ቤዝ ላይ ሯጭ አለች። ፒቸሯ ከሕግ ውጪ ወረወረች፣ መቺዋ ኳሷን ወደ ላይ ከፍ አድርጋ መታች፣ ሩቅ የቆመችው ተከላካይ ቀለበቻት። መቺዋ አውት ናት። ሯጯ ግን ኳሷ ከተያዘች በኋላ ሮጣ ገባች። እዚህ ላይ ዳኛው ወደ አሰልጣኙ ሄዶ ይጠይቃል፦ የሆነውን ትወስዳለህ ወይስ ቅጣቱን? የሆነውን ከወሰደ አንድ ነጥብና አንድ አውት። ቅጣቱን ከመረጠ ነጥቡ ይሰረዛል፣ ሯጯ ወደ ሦስተኛ ትመለሳለች፣ መቺዋም አንድ ቦል ተጨምሮላት እንደገና ትቆማለች። ቀድሞ ቅጣቱ ጠንከር ይል ነበር፤ ሯጮቹም በነጻ አንድ ቤዝ ይሸለሙ ነበር። አሁን ብዙ ቦታ ይህ ቀርቷል። ዳኛው ገና ኳሷ ሳትመታ «ቁም!» ብሎ ቢጮህ ኖሮ አሰልጣኙ ይህን ምርጫ አያገኝም ነበር። ጥፋተኛዋ ፒቸር በጥፋቷ ተጠቀመች ማለት ነው።

ተከላካይ ኳስ ሳትይዝ የሯጭ መንገድ ስትዘጋም እንደዚሁ ነው። ግራ እጅ ይዘረጋል፣ ጨዋታው ይቀጥላል። ዳኛው በልቡ አንድ ግምት ይይዛል፦ ይቺ ልጅ ባትደናቀፍ ኖሮ የት ትደርስ ነበር? ሁለተኛ ቤዝ ትደርስ ነበር ካለ እስከዚያ ድረስ ጠበቃዋ እሱ ነው። እዚያ ሳትደርስ ቢይዟትም ቤዙን ይሰጣታል። ልጅቷ ግን ሞቅ ብሏት ሦስተኛውን ልሞክር ካለችና ከተያዘች፣ አውት ናት። ከዚያ በላይ የሮጠችው በራሷ ኃላፊነት ነው። ወላጆች ይህችን ጉዳይ በጭራሽ አይረዱም። «እጁን ዘርግቶ አልነበረም ወይ?» እያሉ ይጮኻሉ። እኔም ጮኼያለሁ።

ጥፋቱ የሯጯ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ኳስ ልትለቅም ያጎነበሰችን ተከላካይ ሯጯ ብትገጫት ዳኛው አይጠብቅም። ወዲያው ሁለት እጁን አንስቶ ያስቆማል፤ ሯጯም አውት ናት። ለምን እዚህ አይጠብቅም? ተከላካይዋ ተገጭታ ኳሷ ካመለጠቻት በኋላ ለእሷ የሚጠቅም ነገር እምብዛም አይመጣም። በተጠበቀ ቁጥር የሚጠቀመው ያጠፋው ወገን ነው።

ሶፍትቦል ላይ ሯጭ ኳሷ ከፒቸሯ እጅ ሳትለቅ ከቤዝ መነሳትም አትችልም። ቤዞቹ ቅርብ ለቅርብ ናቸውና ቀድማ ከተነሳች ማን ይደርስባታል? ይህንንም ዳኛው ወዲያው ያስቆማል። ውርወራው እንዳልተወረወረ ይቆጠራል፣ ሯጯም አውት ናት።

ከሁሉም ፈጥኖ መጠራት ያለበት ግን ኢንፊልድ ፍላይ የሚሉት ነው። እዚህ ላይ ነው አንድ ጊዜ ራሴን ያዋረድኩት። አንደኛና ሁለተኛ ቤዝ ላይ ሯጮች አሉ፤ አውቱ ገና ሁለት አልሞላም። መቺዋ ኳሷን ቀጥ አድርጋ ወደ ሰማይ ሰቀለቻት። ኳሷ ገና አየር ላይ እያለች ዳኛው ቀኝ እጁን አንስቶ መቺዋ አውት ናት አለ። ከዚያ ተከላካይዋ ኳሷን ጣለቻት። እኔ ከወንበሬ ተነስቼ «አልያዘቻትም እኮ! መሬት ወድቃለች!» ብዬ አካባቢውን አናወጥኩት። አንድ አዛውንት ዞር ብለው አዩኝና በትሕትና ቁጭ አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኳሷ በቀላሉ የምትያዝ ስትሆን ሯጮቹ ቤዛቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ተንኮለኛ ተከላካይ ካለች ሆን ብላ ትጥላታለች። ይሄኔ ሯጮቹ ለመሮጥ ይገደዳሉ፣ ጊዜው ግን አልፎባቸዋል። በአንድ ኳስ ሁለት ሰው አውት ይወጣል። ሕጉ የመጣው ይህን ለመከልከል ነው። ስለዚህ ኳሷ ከፍታዋን ጨርሳ መውረድ ስትጀምር መጠራት አለበት። ከወደቀች በኋላ ቢጠራ ሯጮቹ ግራ ተጋብተው አንዷ ወደፊት፣ አንዷ ወደኋላ ሆነዋል።

እስካሁን ያየነው ወዲያው የሚጠራውንና ጠብቆ የሚጠራውን ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሦስተኛው ነው፦ ዳኛው በዓይኑ በብሌኑ እያየ፣ ካልጠየቁት የማይናገረው።

ሯጭ አንድ ቤዝ ሳትረግጥ አለፈች። ዳኛው አየ። ምንም አይልም። ፊቱም ላይ ምንም አያሳይም። ተከላካዮቹ ራሳቸው አይተው፣ ቀጣዩ ኳስ ሳይወረወር «ያቺ ልጅ ያንን ቤዝ አልረገጠችም» ብለው ማመልከት አለባቸው። ካመለከቱ አውት ነው። ካላመለከቱ ወይም ካረፈዱ ነገሩ አለቀ። የድሮውን የእኛን በላ ልበልሃ ያስታውሰኛል። ዳኛው ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ይሰማል እንጂ ከሳሽ ሆኖ አይነሳም። አቤት ባይ ከሌለ ፍርድ የለም።

ይህ ሕግ ኦሊምፒክ ላይ አሜሪካንን አስከፍሏል። ሶፍትቦል ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የገባው እ.ኤ.አ. በ1996 አትላንታ ላይ ነው። አሜሪካ ከአውስትራሊያ ጋር ስትጫወት በአምስተኛው ዙር የአሜሪካዋ ዳኒ ታይለር ኳሷን ከአጥር ውጪ ሰደደቻት። ሆም ረን ነው፤ ቤዞቹን በእርጋታ ዞሮ መምጣት ብቻ ነው የሚቀረው። ጓደኞቿ ሆም ፕሌት ዙሪያ ተሰብስበው ጠበቋት፤ እጅ ለእጅ ተማቱ፣ ዘለሉ። በዚያ ሁሉ ደስታ መሀል እግሯ ፕሌቷን ሳይነካ አለፈ። አውስትራሊያዎቹ አይተው አመለከቱ፤ ታይለር አውት ተባለች፣ ነጥቡም ጠፋ። ጨዋታው ባዶ ለባዶ ቀጥሎ ወደ ተጨማሪ ዙር ሄደ። በአሥረኛው ዙር አሜሪካ አንድ አገባች፤ አውስትራሊያ ደግሞ በጆአን ብራውን ሆም ረን ሁለት አግብታ 2 ለ 1 አሸነፈች። አሜሪካ በኋላ ወርቁን ወሰደች፤ ስለዚህ ታሪኩ ዛሬ በፈገግታ ይወራል። አውስትራሊያዎቹ በደስታ ጭፈራው ዓይናቸው ተወስዶ ቢሆን ኖሮ ግን ያ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይቀር ነበር። ዳኛ ቀርቦ «ልንገራችሁ» አይልም።

የመቺዎች ተራ ሲዛባም እንደዚሁ ነው። ዳኛውም መዝጋቢዋም ዝም ይላሉ። የተጋጣሚው አሰልጣኝ የተሳሳተችው መቺ ገና ቆማ ሳለች ከተናገረ ትክክለኛዋ ትተካለች፤ በቃ። መትታ እስክትጨርስ ጠብቆ፣ ቀጣዩ ኳስ ሳይወረወር ከተናገረ ግን መምታት የነበረባት ልጅ አውት ናት። ቀጣዩ ኳስ ከተወረወረ ደግሞ ሁሉም ነገር ጸደቀ። ብልጥ አሰልጣኝ ታዲያ የሕግ መጽሐፉን ጉያው ውስጥ ይዞ ይጠብቃል።

ስለ ብልጥ አሰልጣኝ ከተነሳ የቢሊ ማርቲንን ነገር መዝለል አይቻልም። ቤዝቦል ነው፣ ግን ጉዳዩ አንድ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 24 ቀን 1983 የኒውዮርኩ ያንኪስ ከካንሳስ ሲቲ ሮያልስ ጋር ይጫወታሉ። በመጨረሻው ዙር፣ ሁለት አውት ከሆነ በኋላ የሮያልሱ ጆርጅ ብሬት ሆም ረን መትቶ ቡድኑን 5 ለ 4 አስመራ። የያንኪሱ አሰልጣኝ ማርቲን ይሄኔ ብቅ አለና «ዱላውን እዩልኝ» አለ። ዱላ እንዳያዳልጥ የጥድ ሙጫ ይቀባል፤ ከእጀታው ጫፍ ከ18 ኢንች በላይ መቀባት ግን ክልክል ነው። ማርቲን ነገሩን ቀደም ብሎ አውቆ፣ የሚጠቅመውን ሰዓት ሲጠብቅ ነበር ይባላል። ዳኞቹ 17 ኢንች ስፋት ባላት ሆም ፕሌት ላይ ዱላውን አጋድመው ለኩት። ሙጫው አልፏል። ብሬት አውት ተባለ። ሰውየው ከተቀመጠበት እንደ እብድ ሲሮጥ የወጣበት ቪዲዮ እስከ ዛሬ ይታያል።

የሊጉ ፕሬዚዳንት ሊ ማክፌይል ግን የዳኞቹን ውሳኔ ሻረ። የሕጉ መንፈስ ኳሶች በሙጫ እንዳይበላሹ ነው፣ ሙጫ ኳስን ሩቅ አያስኬድም፤ ዱላው ቀድሞ ከሜዳ መውጣት ነበረበት እንጂ ሆም ረኑ አይሰረዝም አለ። ጨዋታው ነሐሴ 18 ካቆመበት ቀጠለ። ማርቲን አሁንም አላረፈም፤ «ብሬት ያኔ ቤዞቹን አልረገጠም» ብሎ አመለከተ። አዲሶቹ ዳኞች ግን ተዘጋጅተው ነው የመጡት። የቀድሞዎቹ ዳኞች ብሬት ሁሉንም ቤዝ መርገጡን በመሐላ ያረጋገጡበትን ወረቀት ከኪሳቸው አወጡ። ይህን ባሰብኩት ቁጥር ያስቀኛል።

ከማክፌይል ውሳኔ ሰፈር ውስጥ ያለ ዳኛ የሚወስደው ነገር አለ። የሕጉን መንፈስ ማየት፣ በተለይ ፒቸሮችን በተመለከተ። ብዙው ጭቅጭቅ ያለው እዚያ ነው። ፒቸሯ መቆሚያዋን በእግሯ ገፍታ ወደፊት ትወነጨፋለች። የተከለከለው ከመቆሚያዋ ተነስታ ወደፊት ዘልላ፣ እግሯን እንደገና ተክላ፣ ከዚያ አዲስ ቦታ ገፍታ መወርወር ነው። ክሮው ሆፕ ይሉታል፣ የቁራ ዝላይ። ያቺ ሁለተኛ ግፊት ለኳሷ ፍጥነት ትጨምራለች፣ 13 ሜትሩንም ታሳጥራለች።

ሲያወሩት ቀላል ነው፤ ማየቱ ግን ሌላ ነው። ከመቆሚያው ፊት ለፊት በእግር ብዛት ጉድጓድ ተቆፍሯል። የጫማዋ ጫፍ ጉድጓዱ ውስጥ ሲገባ እየተጎተተ ይሁን ተተክሎ ይሁን ከሩቅ አይለይም። ሆም ፕሌት ላይ ያለው ዳኛ ደግሞ ዓይኑ ኳሷ ላይ ነው። ስለዚህ ዳኞች ሥራ ይከፋፈላሉ፤ እሱ እጇን፣ ቤዝ ላይ ያለችው ዳኛ እግሯን ታያለች።

ሁለቱም እግር ለቅጽበት አየር ላይ መሆኑ ራሱ ለሴቶች ክልክል ነበር። የሚጥሱት ብዙ ነበሩ፤ የሚጠራው ግን አንዱ ሜዳ ላይ ይጠራዋል፣ ሌላው ያልፈዋል። በመጨረሻ የአሜሪካ ኮሌጆችና ሃይስኩሎች በቅርብ ዓመታት ሕጉን ራሱን አላሉት። አሁን እግሯ አየር ላይ ሊሆን ይችላል፤ እንደገና ተክላ መግፋቱ ግን ዛሬም ክልክል ነው። አንዳንዱ ይህን ሽንፈት ይለዋል። ለእኔ ግን ሁሉም ሜዳ ላይ አንድ ዓይነት የማይጠራ ሕግ ከሚኖር ባይኖር ይሻላል።

የአሥር ዓመት ልጆች ላይስ? እዚህ ላይ ጥሩ ዳኛ የሚያደርገውን አይቻለሁ። በመጀመሪያው ዙር መጨረሻ ወደ አሰልጣኟ ጠጋ ብሎ ዝቅ ባለ ድምፅ «የልጅቷን እግር እይላት» ይላታል። ልጅቷ አታፍርም፣ ጥፋቱም ይታረማል። ከዚያ በኋላ ከደገመችው ይጠራዋል። የማይሆነው ሌላ ነው። ስድስት ዙር ሙሉ አይቶ እንዳላየ አልፎ፣ በሰባተኛው እኩል ለእኩል ሲሆኑ እጁን የሚዘረጋ ዳኛ አለ። ሕጉን ከጠየቃችሁ ትክክል ነው። ልጅቷ ግን ስድስት ዙር ሙሉ ደህና ነሽ ተብላለች። እንዲህ ያለው ዳኛ የሚጮህበት አይጣ።

አውትና ሴፍ (ሯጯ ቀድማ ደርሳለች ማለት ነው) ላይ ደግሞ ዳኞች ሲሠለጥኑ የሚነገራቸው አንድ ነገር አለ፦ አትቸኩል። ኳስ ጓንት ውስጥ ገባች ማለት ተያዘች ማለት አይደለም። ሰውየው «አውት!» ብሎ እጁን ከወረወረ በኋላ ኳሷ ከጓንቱ ተንከባልላ ብትወጣ ምን ይውጠዋል? አንደኛ ቤዝ ላይ ያለች ዳኛን አንድ ቀን ልብ ብላችሁ እዩ። ኳሷን አትከተልም። ዓይኗ ቤዙ ላይ ነው፣ እግር ሲረግጠው ታያለች። ኳሷን የምትይዘው በጆሮዋ ነው፤ ጓንት ላይ ስታርፍ «ጧ» የምትለዋን ትሰማለች። እግሩ ቀደመ ወይስ ድምፁ? ከዚያ ትንፋሽ ያህል ቆማ፣ ኳሷ መያዟን አይታ ነው የምትናገረው። ከኋላ ሰው ሁሉ «ምን ትጠብቃለች!» ይላል።

ጨዋታው አልቆ ወደ ቤት ስንመለስ የተዘረጋውን እጅ ነገር ለእህቴ እያስረዳኋት ነበር። የእህቴ ልጅ ከኋላ ወንበር ጫማዋን እያወለቀች ትሰማለች።

«ጋሼ፣ እኔ ሳልፍ ግን ሁለተኛ ቤዝን አልረገጥኩትም እኮ» አለች።

«እንዴ! ቤዝ ላይ ያለችው ዳኛስ?»

«ፊት ለፊቴ ነበረች። አይታኛለች።»

«ታዲያ ለምን ዝም አለች?» አለች እህቴ።

«ማንም አልጠየቃትማ!»